ልጄ በዊልቸር ነው የምትሄደው፣ ትራክ ቲም መግባት ትችላለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባች፣ ስትወለድ ጀምሮ ስፓይና ቢፊዳ (የአከርካሪ አጥንት በደንብ ሳይዘጋ የሚወለዱበት ችግር) ስላለባት በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። የትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን (ትራክ ቲም) ልግባ ስትል ኮቹ "ለሌሎቹ ልጆች ያሰጋል" ብሎ ሰዓት ያዥ አደረጋት። ዘመድ ወዳጁም ተያት አታድክሚያት ይለኛል። ከሩሲያ የመጣች የዊልቸር ሯጭ እዚሁ ሜሪላንድ ከሳ አሸነፈች ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ለኛስ ይሠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት ነው፣ ለናንተም ይሠራል። ታቲያና ማክፋደን ትባላለች፣ ያደገችውም ከናንተ ብዙም በማይርቀው ሃዋርድ ካውንቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሌኒንግራድ ተወለደች፣ እሷም እንደ ልጅሽ ስፓይና ቢፊዳ አለባት፣ ልጅነቷን ማሳደጊያ ውስጥ ስታሳልፍ ዊልቸር የሚባል ነገር ስላልነበራት በእጇ ነበር የምትሄደው። አሜሪካዊቷ ዴቦራ ማክፋደን ለሥራ ሄዳ አየቻትና ልጄ ብላ ይዛት መጣች። ስፖርት የጀመረችው ባልቲሞር ቤኔት ብሌዘርስ የሚባል የአካል ጉዳተኛ ልጆች ቲም ውስጥ ነው።

በ2004 ገና በ15 ዓመቷ አቴንስ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ሄዳ ብርና ነሐስ ይዛ ተመለሰች። ይቺ ልጅ ናት እንግዲህ አቶልተን ሃይስኩል ገብታ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አትሮጪም የተባለችው። ሌሎቹ ሲሮጡ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ እነሱ ሲጨርሱ ባዶ ትራክ ላይ ብቻዋን ትለቀቃለች፣ የምትወዳደረው ሰው እንኳን የለም። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው፣ ከልክለዋታል እንዳይባል ሮጣለች፣ ሮጣለች እንዳይባል ደግሞ ውድድር አልነበረም።

ከእናቷ ጋር ሆና የካውንቲውን ትምህርት ቤቶች ከሰሰች፣ ክሱ ላይ የገንዘብ ካሳ አልጠየቁም፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ትነሳ ብቻ ነው ያሉት። እነሱም ልክ እንደናንተ ኮች ለሌሎቹ ያሰጋል ብለው ተከራከሩ ግን በ2006 የፌደራል ዳኛው አብራ ትሩጥ ብሎ አዘዘ። በ2008 ደግሞ ሜሪላንድ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በጂም ክላስም በስፖርት ቲምም እኩል ዕድል እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። እርግጥ በተጨባጭ አደጋ ካለ ትምህርት ቤቱ እምቢ ሊል ይችላል፣ ግን አደጋውን ማሳየት አለበት፣ "ያሰጋል" ብሎ መቅረት አይበቃም።

ስለዚህ አሁን በቃል አትነጋገሪ፣ ለኮቹም ለርዕሰ መምህሩም ኢሜይል ጻፊ፣ ልጄ ትራክ ቲም ውስጥ መወዳደር ትፈልጋለች፣ እምቢ ካላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። 504 ፕላን ወይም አይኢፒ (ትምህርት ቤቱ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚያደርገው ድጋፍ የሚጻፍበት ዕቅድ) ካላት ስብሰባ ጠርተሽ ስፖርቱ እዚያ ላይ እንዲገባ ጠይቂ፣ እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አማርኛ አስተርጓሚ ማምጣት የነሱ ግዴታ ነው፣ ልጅሽን አስተርጓሚ እንዳታደርጊያት። ካልሆነ ለአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ማመልከት ይቻላል፣ ነገሩ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ስለሆነ ቀኑን መዝግቢ።

ሌላው ዊልቸሩ ነው። የየቀኑ ለሩጫ አይሆንም፣ የሩጫው ባለ ሦስት ጎማ ነው፣ ከፊት ረዘም ብሎ አንዲት ትንሽ ጎማ አለችው፣ ሯጯ ጎንበስ ብላ ጠንካራ ጓንት አድርጋ የጎማውን ቀለበት በቡጢ እየመታች ወደ ታች ትገፋዋለች። ዋጋው ውድ ነው፣ ከመግዛትሽ በፊት ቤኔት ብሌዘርስን ጠይቂያቸው፣ ጓንቱን እንዴት እንደምትይዝ የሚያሳያትም እዚያ ታገኛለች።

ዘመዶችሽ ክፉ አስበው አይመስለኝም፣ ግን ልጅቷ ደከመኝ አላለችም። ታቲያና በ2013 ቦስተንን፣ ለንደንን፣ ቺካጎንና ኒውዮርክን ማራቶን በአንድ ዓመት አራቱንም አሸንፋለች፣ በነዚያ ክንዶች። ከቤት ውጪ የሚደረገው የትራክ ውድድር ወቅት ማርች ላይ ስለሚጀምር ኢሜይሉን ከዚያ በፊት ላኪው፣ መልሳቸውን ደግሞ ጻፊልን፣ አብረን እናየዋለን።