መልስ፦ «ሶፊስቲኬትድ» (sophisticated) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለመንገድ መጠቀም ይቻላል?
አይቻልም። ከኮዬ ፈጬ ታክሲ እየቀያየርክ መገናኛ የምትደርስበት መንገድ «ኮምፕሊኬትድ» ነው እንጂ «ሶፊስቲኬትድ» አይባልም። የመጀመሪያው ማስቸገሩን ብቻ ይናገራል፤ ሁለተኛው ውስጥ ሙገሳ አለ፦ ውስብስብ ሆኖ የረቀቀ፣ የታሰበበት።

ለዕቃ «ኤ ሶፊስቲኬትድ ማሽን» በል። ለሰው ሲሆን ግን ትርጉሙ ይዞራል፤ «ሺ ሃዝ ሶፊስቲኬትድ ቴይስት» ካልክ ምርጫዋ የበሰለ፣ ያማረውን ከተራው የምትለይ ማለትህ ነው። ሀብታም ናት ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ስትጠራው «ፊስ» ላይ ጠበቅ አድርግ። ለማወዳደር ከፊቱ «ሞር» ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ፦ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ድ» አትዋጣት። «ሶፊስቲኬት ስልክ» ሲባል በየቦታው ይሰማል፤ ያለ «ድ» ግን ቅጽል አይሆንም። ስትጽፍ ደግሞ ይበልጥ ያስታውቃል።