ስታቲክ ሚክሰርና የቱቦ ክሪስታላይዜሽን፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ፈሳሽ በቱቦ ውስጥ ሳያቋርጥ እየሄደ የመድኃኒት ክሪስታል እንዲሠራ ስለማድረግ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስታቲክ ሚክሰር ሞተር አለው?

የለውም። ቱቦ ውስጥ የሚገባ የተጠማዘዘ ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው። እሱ ንቅንቅ አይልም፣ ፈሳሹ ነው በላዩ ሲያልፍ የሚደባለቀው። በብዛት የሚታወቀው ኬኒክስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 180 ዲግሪ ይጠማዘዛል፣ አንዱ ወደ ቀኝ ከዞረ ቀጣዩ ወደ ግራ፣ መጋጠሚያቸው ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ይተላለፋሉ። ፈሳሹ በየክፍሉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ 10ኛው ላይ 1,024 ንብርብር ይሆናል። ጉልበቱን የሚከፍለው ግን ፓምፑ ነው፦ በላሚናር ፍሰት (ፈሳሹ ሳይናወጥ በንብርብር ሲሄድ) የግፊት ብክነቱ ከባዶ ቱቦ 6 ወይም 7 እጥፍ ገደማ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ባዶ ቱቦስ ምን አነሰው?

በቀጭን ቱቦ ቀስ ብሎ የሚሄድ ፈሳሽ መሀሉ ከአማካዩ ፍጥነት በእጥፍ ይሮጣል፣ ግድግዳው ጋ ያለው ደግሞ ሊቆም ምንም አይቀረው። አንዱ ክሪስታል ሳያድግ ይወጣል፣ ሌላው ውስጥ ከርሞ ይወፍራል። መጠኑ የተዘበራረቀ ዱቄት ሲጣራም ሲደርቅም ራስ ምታት ነው። ሚክሰሩ መሀሉንና ዳሩን እያቀያየረ ሁሉም የሚቆይበትን ጊዜ ያቀራርባል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው የት ላይ ነው?

ሁለት ፈሳሽ የሚገናኝበት ቦታ ላይ። መድኃኒቱ በአንድ ፈሳሽ ሟሙቶ ሳለ እሱን የማያሟሟ ሌላ ፈሳሽ፣ ብዙ ጊዜ ውሃ፣ ሲጨመርበት መድኃኒቱ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። ድብልቁ ከዘገየ አንዱ ጥግ ላይ ውሃው ይበዛና እዚያው ስፍር ቁጥር የሌለው ደቃቅ ክሪስታል ይፈላል፤ ያ ከሆነ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ተመራማሪዎቹ አልቫሬዝና ማየርሰን በ2010 ያወጡት ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኬኒክስ በገባበት ቱቦ ኬቶኮናዞልን፣ ፍሉፌናሚክ አሲድንና ኤል ግሉታሚክ አሲድን ሠሩ፣ የማያሟሟውን ፈሳሽም በአንድ በር ከማፍሰስ ይልቅ በቱቦው ርዝመት ላይ በተለያዩ ቦታዎች ከፋፍለው የሚያስገቡበትን መንገድ አሳዩ። ሲከፋፈል አዲስ ክሪስታል ከመወለድ ይልቅ ያለው የማደግ ዕድል ያገኛል።

ጥያቄ፦ አይደፈንም ወይ?

ይደፈናል እንጂ! ሻጮቹ ቶሎ የማይነግሯችሁ ይህን ነው። ቱቦው ውስጥ ብረት በበዛ ቁጥር ክሪስታል የሚለጠፍበት ቦታ ይበዛል፣ መጀመሪያ የሚይዘውም የክፍሎቹ ጠርዝና መጋጠሚያ ነው። ክሪስታል የሚወጣው በማቀዝቀዝ ከሆነ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከሁሉም ቀዝቃዛው ግድግዳው ስለሆነ ቅርፊቱ እዚያ ይጀምራል። ፍሰቱን ብትቀንሱ ደግሞ ክሪስታሉ ይዘቅጣል። ዓይናችሁ ከግፊት መለኪያው አይነሳ፦ ፍሰቱ ሳይለወጥ ግፊቱ ቀስ በቀስ ከወጣ ቅርፊት እየያዘ ነው፣ ሳይዘጋ በሞቀ አሟሚ እጠቡት።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሚክሰሩን መገናኛው ላይ ብቻ አድርጉት፣ ክሪስታሉ ሳይወፍር ይለፈው፣ እድገቱን ለባዶ ቱቦ ወይም ለሚማሰል ታንክ ተዉለት። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚክሰር የሚሞላ ሰው ቱቦ በማጠብ ነው የሚውለው።

ጥያቄ፦ ያለ ሚክሰር የሠራ የለም?

አለ። በዚያው በ2010 ኦስትሪያ፣ ግራዝ ያሉ ተመራማሪዎች አስፒሪንን በኤታኖል አሟሙተው፣ የዘር ክሪስታል (አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ ሌላው የሚያድግበት ደቃቅ ክሪስታል) እያስገቡ በተራ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አሳድገዋል። ዘር ካለ የድብልቁ ጭንቀት ይቀላል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ላቦራቶሪያችን በጀት የለውም። በምን ልሞክረው?

ወንድሜ፣ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ አይተህ ከሆነ ጫፉ ላይ የሚገጠመው ረጅም የፕላስቲክ አፍንጫ ውስጡ ያለው ጥምዝ ራሱ ስታቲክ ሚክሰር ነው። የጥርስ ሐኪሞችም የመንጋጋ ቅርጽ ሲያነሱ ይጠቀሙበታል። ዋጋው ቀላል ነው፣ ሲደፈን ትጥለዋለህ። ፕላስቲኩ አሟሚህን መቋቋሙን ግን አንድ ሌሊት ዘፍዝፈህ እይ። ከዚያ መድኃኒቱን ከመንካትህ በፊት ባለቀለምና ቀለም የሌለው ውሃ ይዘህ አሂደው። መውጫው ላይ የቀለም ሰንበር ካየህ ክፍሎቹ አንሰዋል ማለት ነው፣ ሌላ አፍንጫ ቀጥልበት።