ባሕር ዛፌን ላስቆርጥ ነው፤ ማሽን ልከራይ ወይስ ይቅርብኝ? (ጥያቄና መልስ)

መስቀል አልፎ መሬቱ መጠጥ ማለት ሲጀምር ስልኬ እረፍት የለውም። ከሜጫ፣ ከዳንግላ፣ ከቡሬ የሚደወለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «ትንሽ እንጨት አለችኝ፣ ማሽን ከየት ልከራይ?» ይላል። ከ10 ዓመት በላይ እንጨት ሳስቆርጥና ሳስጭን ስለኖርኩ የማውቀውን ልመልስ። ጥያቄዎቹን ሰብስቤያቸዋለሁ።

ግማሽ ሄክታር ባሕር ዛፍ አለኝ፤ አብዛኛው ለአጣና የደረሰ ነው። ኤክስካቫተር ተከራይቼ በሁለት ቀን ልገላገለው ብዬ ነበር። ያዋጣኛል? (ከሜጫ)

አያዋጣህም፣ ወንድሜ። እስኪ አብረን እናስላው። በአንድ ሜትር ርቀት ተክለህ ከሆነ ግማሽ ሄክታር ላይ 5,000 እግር ዛፍ አለህ ማለት ነው። ወገቡ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር፣ 8 ሜትር የሚረዝም አጣና ደግሞ እርጥቡ 60 ኪሎ ግድም ነው። እሱን ሁለት ጎረምሳ አንስቶት ይሄዳል። ኤክስካቫተሩ ግን ከ5,000ው ጋር አንድ በአንድ ሲታገል ይውላል። አንተም በሰዓት ትከፍላለህ።

ከገንዘቡ የሚብሰው ጉቶው ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ፣ ውሃ እንዳያቁር ገደድ አድርገህ፣ ቅርፊቱን ሳትገሽልጥ ከቆረጥከው የሚቀጥለውን ዙር ያለ ችግኝ ታገኘዋለህ። ማሽን ዛፉን ገፍቶ ከጣለው ሥሩ ይነቀላል። ማሽኑ የሚሄድበት የብረት ሰንሰለት በጉቶዎቹ ላይ ሲመላለስም ቅርፊታቸውን ይልጠዋል። የሚቀጥለውን ምርትህን ዛሬ ረገጥከው ማለት አይደል?

ታዲያ ማሽን የሚያስፈልገው መቼ ነው? (ከቡሬ)

ሰው መሸከም የማይችለው ግንድ ሲኖርና አይሱዙው እንጨቱ ድረስ መግባት ሲያቅተው። በተረፈ የሞተር መጋዝ፣ ጥሩ ቆራጭና የሰፈር ጎረምሳ ይበቃሃል። ግንዱን ወደ መንገድ ለማውጣት ደግሞ የእርሻ ትራክተር ፈልግ። ቡሬና ወምበርማ አካባቢ ትራክተር አይጠፋም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብዙው ከእርሻ ሥራ ቀለል ስለሚል ባለቤቱም ለድርድር ይመቻል። መጋቢትና ሚያዝያ ከደረስክ ግን ማን ይሰጥሃል!

የደብራችን ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያሉ ጥቂት ትልልቅ ባሕር ዛፎች ወደ ሕንፃው አዘንብለዋል። ልናስቆርጣቸው ነው። ምን ዓይነት መኪና እንከራይ? (ከእንጅባራ አቅራቢያ)

አባቴ፣ ይሄ እውነትም የማሽን ሥራ ነው፤ ክሬን ይከራዩ። መጀመሪያ ክብደቱን ይወቁ። ገመድ ወስደው የዛፉን ዙሪያ ይለኩ። ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 30 ነው። እንዲህ ያለው ግንድ በ4 ሜትር ሲቆረጥ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ አንድ ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ ወደ 3 ኩንታል ይሆናል። ዙሪያው 190 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 60 ነው፤ ያው 4 ሜትር ግንድ ከ11 ኩንታል በላይ ይመጣል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚች ላይ ናት። ባለ ክሬኑ «ስንት ይመዝናል?» ሲልዎት «ትልቅ ነው» ብለው አይመልሱ፤ ቁጥር ይንገሩት።

ክሬን ደግሞ ክንዱ በረዘመ ቁጥር የሚያነሳው ይቀንሳል። ከሥሩ 5 ቶን ያነሳ የነበረው ራቅ ሲል አንድ ቶንም ሊከብደው ይችላል። ስለዚህ መኪናው ከዛፉ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም አስቀድመው ያሳዩት። ዛፉ ወደ ሕንፃው ያዘነበለ ስለሆነ ከላይ እየተቆራረጠ መውረድ አለበት። ወጥቶ የሚቆርጥ ልምድ ያለው ሰው ሳያገኙ አይጀምሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ደግሞ መብራት ኃይል መጥቶ ሳያጠፋ መጋዝ አይነሳ። በግቢው ያሉትን ጽድና ወይራ እንዳትነኩብን አደራ። ክሬኑ የሚገባበትን መንገድ እንኳ ከእነሱ ሥር ያርቁት።

ከማሽን አከራይ ጋር ውል ስፈርም ምን ልጠንቀቅ? (ከዳንግላ)

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ እኔ ራሴ የተበላሁበት ነው። አንድ ጊዜ ግንድ ለመጫን ሎደር ተከራየሁ። ጠዋት መጣ። ግንዶቹ ገና እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ ከሁለቱ መኪኖች አንደኛው አልደረሰም። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጥላ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ማታ የማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ 7 ሰዓት አሳየ፤ የሠራነው 3 ቢሞላ ነው። ተከራከርኩ። ውሉ ላይ «በቆጣሪ» ይላል፤ ቆጣሪው ደግሞ ሞተር ከተነሳ ሥራ ይኑር አይኑር ይቆጥራል። ጥርሴን ነክሼ ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ ግንዱ ሁሉ መንገድ ዳር ሳይከመር፣ መኪናውም መጥቶ ሳይቆም ማሽን አልጠራም። ከሥር ሁለት አግዳሚ እንጨት አደርግና ግንዱን በርዝመት በርዝመቱ ለይቼ፣ ጫፉን እኩል አድርጌ አስደረድራለሁ። እንዲህ ከሆነ ሎደሩ ከሥር ገብቶ አንድ ላይ ያነሳዋል። የአንድ ቀን የጎረምሳ ጉልበት የብዙ ሰዓት ኪራይ ያድንሃል።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ ናፍጣ በማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ኦፕሬተሩና ረዳቱ አበላቸው ከማን ነው? ማሽኑን በሎቤድ (ማሽን በሚጭነው ተጎታች መኪና) አምጥቶ መመለስ የማን ነው? ለትንሽ ሥራ የሎቤዱ ሒሳብ ከኪራዩ ሲበልጥ አይቻለሁ። ቅርብ ያለ የመንገድ ሥራ ካለ፣ ማሽኑ እዚያው እያለ በትርፍ ሰዓቱ መከራየት የተሻለ ነው፤ ውሉ ግን ከኦፕሬተሩ ጋር በጓሮ ሳይሆን ከባለቤቱ ጋር ይሁን። «ቢያንስ ይህን ያህል ሰዓት» የሚል ዝቅተኛ ክፍያ መኖሩንም ጠይቅ። ሲበላሽ የሚቆምበት ጊዜ እንደማይቆጠር አስጽፍ። ቆጣሪውን ጠዋትና ማታ ኦፕሬተሩ ባለበት በስልክህ ፎቶ አንሳው። ደላላው «እኔ አለሁ» ቢልህም ጻፍ።

ማሽኑ ሰው ቢጎዳ ወይም የጎረቤት አጥር ቢያፈርስ ተጠያቂው ማነው? (ከደብረ ማርቆስ)

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የማሽን ወይም የመኪና ባለቤት ንብረቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያንቀሳቀሰው ሰው ሥልጣን ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ማሽኑን ለራሱ ጥቅም ተረክቦ የያዘውን ሰው ያስጠይቃል። ስለዚህ ያለ ኦፕሬተር ተረክበህ ራስህ ወይም የአክስትህ ልጅ ብትነዱት ዕዳው ወደ አንተ ዞሯል። ከነኦፕሬተሩ ተከራይ። የኢንሹራንሱንም ወረቀት ሳታይ አታስጀምር።

ትራክተር ግንድ ሲጎትት ፊቱ ወደ ላይ ይነሳብናል። ሰው ጫፉ ላይ እያስቀመጥን ነው። ልክ ነን? (ከፍኖተ ሰላም)

ኧረ በሕግ! ሰውየውን ዛሬውኑ አውርዱት። ፊቱ የሚነሳው ሰንሰለቱን ከፍ አድርጋችሁ ስላሰራችሁት ነው። ከኋላ ጎማው ማዕከል በላይ ከታሰረ፣ ግንዱ ጉቶ ሲይዘው ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ነጂው ለመዝለል እንኳ ጊዜ የለውም። ከታች ካለው መጎተቻ ብረት ላይ ብቻ እሰሩ፤ በዝግታ ተነሱ፤ ቁልቁለትን አግድም አትሂዱ። ካቦ (የብረት ገመድ) ሲወጠር ደግሞ ማንም አጠገቡ አይቁም። የተበጠሰ ካቦ እግር ይቆርጣል።

የኔ ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት) ነው። ማሽን ያስፈልገኛል? (ከፋግታ ለኮማ)

ማሽን አያስፈልግሽም፣ እህቴ። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ከሰሉም እዚያው ማሳሽ ላይ ይከሰላል። ዲከረንስ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለማያቆጠቁጥ እንደገና መትከል አለብሽ። ገንዘብሽን ለችግኙ አስቀምጪው።

የሞተር መጋዝ ተከራይቼ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ባለቤቱ አስከፈለኝ። (ከመራዊ)

ቤንዚኑን ብቻውን ቀድተህበት ይሆናል። ብዙዎቹ መጋዞች 50 ለ 1 ነው የሚፈልጉት። ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት ማለት ነው። የሰንሰለቱ ዘይት ሌላ ነው፤ በየቅዳቱ አብረህ ሙላው። ስትረከብም ባለቤቱ ፊት አስነስተህ እንጨት ቁረጥበት። ሌላው፣ በመጋዙ ጫፍ አትቁረጥ፤ ወደ ፊትህ ይመለሳል። ዛፍ ሲወድቅም ማንም ሰው የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል ይራቅ።

ነጋዴ መጥቶ በቁሙ ልግዛህ ይለኛል። እሱ ራሱ ቆርጦ ይጭናል። አይሻልም? (ከአዴት)

ትንሽ እንጨት ላለው ብዙ ጊዜ ይሻላል። ዋጋው ዝቅ ይላል፤ የማሽን ራስ ምታት ግን የሱ ነው። ውሉ ላይ የጉቶው ከፍታ፣ ቅርንጫፉን ማን እንደሚያጸዳ፣ መኪናው እርከን ካፈረሰ ማን እንደሚጠግን ይግባ። ቀኑንም ወስን፤ «እመጣለሁ» እያለ ሐምሌ ይገባብሃል። በክረምት ያንተ ማሳ ውስጥ የሰመጠ አይሱዙ ማውጣት የማን ሥራ እንደሚሆን ታውቀዋለህ።

ፈቃድስ?

የራስህ ባሕር ዛፍ ቢሆንም ከመጫንህ በፊት ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂድና የማጓጓዣ ወረቀቱን ጨርስ። ኬላ ላይ የቆመ መኪና የቀን ኪራዩን ይቆጥራል። ዋንዛ፣ ኮሶ ወይም ዝግባ ካለበት ደግሞ ሳትጠይቅ መጋዝ አታስነካ።

ጉቶውን ነቅዬ መሬቱን ወደ ጤፍ ልመልሰው ነው። ለዚህስ ኤክስካቫተር ይሆናል? (ከቲሊሊ)

ይሆናል። ኤክስካቫተር የሚያምርበት እዚህ ነው። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ቅርንጫፉን አጽዳ፤ ጉቶው ግን በጣም አጥሮ አይቆረጥ፣ ማሽኑ የሚይዘው ያጣል። ከሥሩ ጋር የወጣውን አፈር እያራገፈ እንዲያወርድ ለኦፕሬተሩ ንገረው፤ አለበለዚያ ለም አፈርህ ከጉቶው ጋር ማሳ ዳር ተከምሮ ይቀራል። ጉቶውን አትጣለው። ደርቆ ሲፈለጥ ለማገዶ ገዢ አያጣም።