«ኤርጎኖሚክስን በሁለተኛ ዲግሪ ልማር?» ለሚለው ጥያቄ

እህታችን በዚህ ቡድን ያነሡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፤ በኢንዱስትሪያል ምህንድስና ተመርቀው ገላን አካባቢ በሚገኝ የጫማ ፋብሪካ ሦስት ዓመት ሠርተዋል፤ ሂዩማን ፋክተርስና ኤርጎኖሚክስ የሚባለውን፣ ሥራን፣ መሣሪያንና የሥራ ቦታን ከሚሠራው ሰው ጋር የሚያስማማ ሙያ በሁለተኛ ዲግሪ መማር ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን አገር ውስጥ ይሻላል ወይስ ውጭ፣ ተምረው ሲጨርሱስ ሥራ ይገኛል ወይ የሚለው አልተለየልዎትም። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስድስት ዓመት እየሠራሁ በማታው መርሐ ግብር በኢንዱስትሪያል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ይዣለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም የሠራሁት በስፌት ሠራተኞች የሰውነት አቀማመጥ ላይ ስለሆነ የደረሰብኝንና የተማርኩትን ላካፍልዎት።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎት የዲግሪውን ስም ሳይሆን የሚለኩበትን ቦታ እንዲያስቀድሙ ነው። ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚሠራበት ስፍራ ካላገኙ፣ ያንኑ ሥራ ደጋግመው ካላዩና ካልለኩ፣ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ገብተውም ቢሆን ይዘውት የሚወጡት በሌላ አገር ሰው ቁመት የተሠራ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ብዙ ተመራቂ ተማሪ ደጅ ጠንቶ የማያገኘውን ነገር ይዘዋል፤ በየቀኑ የሚገቡበት ፋብሪካ አለዎት።

ስለ ሙያው ምንነት ብዙ አልልም፤ ይሁንና ኤርጎኖሚክስ ሲባል ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች በዚህ ቡድንም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሙያው አካልን፣ አእምሮንና የሥራውን አደረጃጀት ሦስቱንም ይይዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለውን የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ያበርሩ የነበሩ ሰዎች፣ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ለማረፍ የሚዘረጋውን የክንፉን ክፍል፣ ፍላፑን፣ የሚመልሱ መስሏቸው ጎማውን ያጥፉት ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተተከሉና አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ሆነው አገኛቸው፤ መፍትሔውም በአንደኛው ጫፍ ላይ የጎማ፣ በሌላው ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ማድረግ ሆነ። ለእኛ ደግሞ ነገሩ የሩቅ ታሪክ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አደጋ አንዱ ትምህርቱ ይኸው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ባወጣው ሰነድ፣ የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግ ስለ አብራሪዎች ምላሽ የያዘው ግምት በአንድ ጊዜ የሚግተለተሉ በርካታ ማስጠንቀቂያዎች የሚያሳድሩትን ጫና በበቂ ሁኔታ እንዳላገናዘበ ገልጿል። የአእምሮውን ክፍል የሚይዘውን የኮግኒቲቭ ኤርጎኖሚክስ ትምህርት መጀመሪያ ስወስድ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ስለዚህ አደጋ ስንነጋገር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንደነበር አስታውሳለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስና፣ አገር ውስጥ ለሚማር ሰው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የምህንድስናው በር ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ፣ ቀድሞ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው፣ ሜካኒካልና ኢንዱስትሪያል ምህንድስናን የያዘው ትምህርት ክፍል፣ ለልብስና ለጨርቃ ጨርቅ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይጠቀሳሉ። ሁለተኛው የጤናው በር ሲሆን፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለውን የአካባቢና የሙያ ጤንነትና ደኅንነት ትምህርት ክፍል ለምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። ሁለቱ የሚለያዩት በሚያነሡት ጥያቄ ነው፤ የጤናው ተማሪ ስንት ሰው ወገቡን ያመዋል፣ ከምንስ ጋር ይያያዛል ብሎ ይጠይቃል፤ የምህንድስናው ተማሪ ጠረጴዛው በስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ የተመረቁበትንና የሚሠሩትን ስመለከት የመጀመሪያው በር ይቀርብዎታል። አማካሪ ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ፤ የእኔ አማካሪ ሙያቸው የምርት ማመጣጠን ስለነበር፣ ጥሩ ሰው ሆነው ሳለ፣ ርእሴን ወደ ላይን ባላንሲንግ፣ ማለትም ሥራን በምርት መስመሩ ላይ እኩል ወደ ማከፋፈል፣ ለመመለስ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ታግለውኛል።

ውጭ አገርን በተመለከተ፣ በእንግሊዝ ላፍብራና ኖቲንግሃም፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ቴክ፣ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን በዚህ ሙያ የቆየ ስም ያላቸው ናቸው። በአሜሪካ የረዳትነት ሥራና ክፍያ በይበልጥ የሚገኘው ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ስለሆነ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ በራስ ወጪ መሄድን ፈጽሞ አልመክርም። የእንግሊዝ መንግሥት የትምህርት ዕድል የሆነው ቺቪኒንግም ሆነ የአሜሪካው ፉልብራይት ተምረው ሲጨርሱ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ይጠይቃሉ፤ ቺቪኒንግ በተጨማሪ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ እሱን ደግሞ እርስዎ አሟልተዋል።

አሁን ሰው ብዙም ወደማይነግርዎት ክፍል ልግባ። ፕሮፖዛሌ እንደጸደቀ፣ ከራሴ ፋብሪካ ሌላ ማነጻጸሪያ እንዲኖረኝ ብዬ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አጽፌ በቃሊቲ መስመር ወደሚገኝ አንድ ድርጅት አመራሁ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወደ ሰው ኃይል፣ ከሰው ኃይል ወደ ምርት ክፍል እያለ ሦስት ወር ሊሞላው ሲል፣ መግባት እንደሚፈቀድልኝ፣ ነገር ግን ፎቶግራፍም ቪዲዮም ማንሣት እንደማልችል ተነገረኝ። ያለ ምስል ሩላን መሙላት እጅግ ያስቸግራል። ሩላ እ.ኤ.አ. በ1993 ማካታምኒና ኮርሌት ያወጡት የአቀማመጥ መመዘኛ ሲሆን፣ የክንድን፣ የእጅ አንጓን፣ የአንገትንና የወገብን ማዕዘን እያየ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። የምትሰፋዋ ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ አቀማመጧን ስትለውጥ፣ ቆሞ በዓይኑ የሚገምት ሰው የትኛውን ይመዝግብ? ስለዚህ ያንን ድርጅት ትቼ ወደ ራሴ ፋብሪካ ተመለስኩ፤ ያ ሁሉ ጊዜ ባከነ።

በራሴም ፋብሪካ የመጀመሪያውን ሳምንት መረጃ ጣልኩት። ሱፐርቫይዘሩ ለትብብር ብሎ ከኋላዬ ቆሞ ስለነበር ሠራተኞቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን ስገባ፣ ኮሌታ የምትሰፋ አንዲት ልጅ የወንበሯን ሁለት የኋላ እግሮች በብሎኬት ስባሪ ከፍ አድርጋ፣ መቀመጫው ላይ አሮጌ ጋቢ አጥፋ አየኋት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «መርፌው እንዲታየኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ አለበለዚያ እጎብጣለሁ» አለችኝ። ለስፌት መቀመጫው ወደ ፊት ዘንበል ቢል አንገትና ወገብ እንደሚያርፉ እኔ ያነበብኩት ሁለት ዓመት ተምሬ ነው፤ እሷ በብሎኬት ደርሳበታለች። አለቃ ሲመጣ ግን ስባሪውን በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች፤ «ወለል አበላሸሽ» ተብላ ሁለት ጊዜ ከደመወዟ ተቆርጦባታልና።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ቋንቋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚጠየቅበትን የኖርዲክ መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሼ «ባለፉት 12 ወራት በወገብሽ ላይ ሕመም ነበረብሽ?» ብዬ ስጠይቅ፣ አብዛኞቹ «የለም» አሉ። ውጤቱ ከዓይኔ ጋር አልገጥም ቢለኝ አንዷን ዘርዘር አድርጌ ጠየቅኋት። «ኢንጂነር፣ ሕመም የለብኝም፤ ማታ ማታ ግን ወገቤን ያቃጥለኛል፣ እጄም ይደነዝዛል» አለችኝ። ለእሷ ሕመም ማለት ከሥራ የሚያስቀር፣ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ነው፤ ማቃጠሉ፣ ቁርጥማቱ፣ ውጋቱና መደንዘዙ የሥራው ጠባይ እንጂ ሕመም አይባልም። በዚያ ላይ በአማርኛ «እጅ» ከጣት እስከ ትከሻ፣ «እግር» ከጭን እስከ ጣት ሊደርስ ስለሚችል፣ እጄን ያመኛል ያለችው ሴት አንጓዋን ይሁን ክርኗን አይታወቅም። በመጨረሻ የሰውነት ሥዕል ሠርቼ በጣታቸው እንዲያሳዩኝ አደረግሁ፤ ሕመም የሚለውንም ቃል አውጥቼ እያንዳንዱን ስሜት በስሙ ጠየቅሁ። የመልሱ ልዩነት የጽሑፌ ዋና ምዕራፍ ሆነ። በውጭ አገር የሚማር ሰው ይህንን ከመምህሩ ሊያገኘው አይችልም።

ስሌቱን አይፍሩት፤ ስታትስቲክሱን ግን አስቀድመው ያጥኑ፤ እኔ ዲፌንስ ላይ የተንገዳገድኩት የዕድሜንና የአገልግሎት ዘመንን ተጽዕኖ እንዴት እንደለየሁ ስጠየቅ ነው። ስሌቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከእርስዎ ፋብሪካ ጋር በሚሄድ ምሳሌ ላሳይ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ቀመር፣ ሁሉ ነገር በተመቸበት ሁኔታ ለማንሣት የሚመከረውን ክብደት ከ23 ኪሎ ግራም ያስጀምራል። ከሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች መካከል እስከ እጅ መያዣው ያለው አግድም ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ምንም አይቀነስም፤ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን በግማሽ ወርዶ 11.5 ኪሎ ግራም ይሆናል። የጫማ ካርቶን ሰፊ በመሆኑ ብቻ፣ ክብደቱ ሳይጨምር፣ ይህን ያህል ያሳጣል። ከወለል አጠገብ ተነሥቶ አንድ ሜትር ከፍ የሚል፣ በየደቂቃው ቀኑን ሙሉ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ ቀሪው ከ7 ኪሎ ግራም በታች ይወርዳል። የእርስዎ ካርቶን ስንት ይመዝናል?

ሥራን በተመለከተ ላታልልዎት አልፈልግም። «ኤርጎኖሚስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እኔ አይቼ አላውቅም፤ ከተመረቅሁ በኋላም የሥራ መደቤ ስያሜ የሥራ ጥናት ባለሙያ እንደሆነ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ስለሚያስገድድ የሙያ ደኅንነት ክፍሎች አሉ፤ በአቪዬሽን የሂዩማን ፋክተርስ ሥልጠና የግድ ነው፤ የባንክና የስልክ ገንዘብ መተግበሪያ የሚሠሩ ድርጅቶችም ተጠቃሚ የት ላይ እንደሚሳሳት የሚያጠና ሰው ያስፈልጋቸዋል። ማስተማርም አለ። ሥራ አስኪያጃችንን ያሳመንኩት ግን በሩላ ነጥብ አልነበረም፤ የአንዱን መስመር የሕመም ፈቃድ መዝገብና የተመላሽ ልብስ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው። ከዚያ በኋላ የጥገና ክፍሉ ብየዳ ሠራተኞች የኋላ እግራቸው ከፍ ያለ አርባ ወንበር ሠሩልን። ብሎኬት የምታስገባዋ ልጅ ግን ያን ጊዜ ሥራ ለቃ ነበር።

ስለዚህ ለመግቢያ ፈተናው ከመመዝገብዎ በፊት፣ ከራስዎ መስመር አንድ ሥራ ይምረጡና ሠራተኛዋን አስፈቅደው ግማሽ ሰዓት ይቅረጹ፤ ከመቀመጫው እስከ ወለል፣ ከክርኗ እስከ ጠረጴዛው ያለውን በሜትር ይለኩ፤ ያዩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ሊያማክሩዎት ለሚያስቧቸው መምህር ያሳዩ። ገጹን አንብበው ጥያቄ ከጠየቁዎት አማካሪ አግኝተዋል ማለት ነው። የአማርኛውን መጠይቅና የሰውነቱን ሥዕል ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ እልክልዎታለሁ፤ «ሕመም» የሚለው ቃል ያለበትን የመጀመሪያውን ቅጂ ግን አይጠይቁኝ።