ኒውትሮን በማግኔት አይታሰርም

ጥያቄ፦ ጠንካራ ማግኔት የፊውዥን (የአቶም እምብርቶችን እያዋሃደ ኃይል የሚያመነጭ) ሪአክተርን ካሳነሰ፣ መከለያውንስ ለምን አያሳሱትም? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ መከለያው የሚያቆመው ኒውትሮንን ነው፤ ይህ የአቶም እምብርት ቅንጣት ቻርጅ ስለሌለው ማግኔት አይዘውም። የሪአክተሩ ነዳጅ የሆኑት ሁለቱ የሃይድሮጂን ዓይነቶች፣ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም፣ ሲዋሃዱ ከሚወጣው 17.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል 14.1ዱን ይዞ የሚበረው እሱ ነው።

ብይ እኩያዋን ብይ ስትመታ ፍጥነቷን ታካፍላለች፤ ትልቅ ድንጋይ ስትመታ ግን ነጥራ ትመለሳለች። የኒውትሮን እኩያ የሃይድሮጂን እምብርት ነው፤ ኒውትሮንን ለማዘግየት እንደ ውሃ ያለ ሃይድሮጂን የበዛበት ነገር የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ የዘገየውን ቦሮን የተባለ ንጥረ ነገር ይውጠዋል። ከመከለያው በፊት ደግሞ በኒውትሮን ሲመታ ትሪቲየም የሚመረትበት የሊቲየም ንጣፍ አለ። አንድ ውህደት የሚሰጠው አንድ ኒውትሮን ብቻ ነው፤ ከፊሉም ይባክናል። ስለዚህ ኒውትሮኑን የሚያባዛ ቤሪሊየም ወይም እርሳስ የተባለ ብረት ይጨመራል። ይህ ሁሉ ሲደራረብ ውፍረቱ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል።

በጣም የሚያሰጋው ቀጥ ያለ የቱቦ ቀዳዳ ነው፦ ኒውትሮን ሾልኮ ማግኔቱን ያሞቃል፣ ያበላሻል። ቱቦው መከለያው ውስጥ እንዲታጠፍ ይደረግ።