ሰርተን ሁልጊዜ «እርግጠኛ» አይደለም

እህቴ፣ «የእንግሊዝኛው ሰርተን (certain) እርግጠኛ ማለት ከሆነ ለምን አንዳንዴ ‹የተወሰነ› ተብሎ ይተረጎማል? ሹር (sure) ከሚለውስ በምን ይለያል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይቺ ጥያቄ እኔን ብር አስቆርጣኛለች። መቼም ትርጉም ቤት የማይሠራ ሰው ይሄን አይጠይቅም፤ ስለዚህ እንደ ሙያ ጓደኛ ልመልስልሽ።

1. መጀመሪያ ቦታውን እዪ። «አይ አም ሰርተን» ካለ እርግጠኛ ነው፣ አለቀ። ከስም በፊት ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ «አንዳንድ» ወይም «የተወሰነ» ነው። አንድ የቤት ኪራይ ውል ላይ «ኢን ሰርተን ኬዝስ» የሚለውን «በተወሰኑ ሁኔታዎች» ብዬ ተረጎምኩ። የትርጉም ቤቱ አራሚ ተብዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና «በእርግጠኛ ሁኔታዎች» ብሎ ጻፈበት። «ተከራዩ በእርግጠኛ ሁኔታዎች ውሉን ቀድሞ ማቋረጥ ይችላል።» እስቲ አንብቢው! እርግጠኛው ማነው፣ ተከራዩ ነው ሁኔታው? ላስረዳው ብል «አንተ ሳትወለድ እንግሊዝኛ እናውቃለን» አለኝ፣ ያውም ሰው ፊት። ማኅተም ተመታበት፣ ወጣ። ደንበኛው ተመልሶ መጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። የጮኸው ማን ላይ ነው? እኔ ላይ። የገጹም ሒሳብ የተቆረጠው ከእኔ ነው። ቀይ ያለበትን ረቂቅ ግን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

ደግሞ ሕጉን ሸምድደሽ እንዳትሄጂ። «ሰርተን ዴዝ» ውስጥም ቃሉ ከስም በፊት ነው፤ «የተወሰነ ሞት» የሚባል ነገር ግን የለም፣ «የማይቀር ሞት» ነው። «አ ሰርተን ሚስተር ብራውን» ሲል ደግሞ «ሚስተር ብራውን የሚባል አንድ ሰውዬ» ማለቱ ነው። አንዲት ሴት «ኦፍ አ ሰርተን ኤጅ» ናት ከተባለም ወጣትነቷ አልፏል ለማለት ነው፣ በጨዋ አፍ። ይሄንን «የተወሰነ ዕድሜ ያላት ሴት» ብሎ የተረጎመ አይቻለሁ። ዕድሜ የሌለው ማን አለ?

2. ሹር ላይ ወጥመዷ ትንሽ ናት። «ሺ ኢዝ ሹር ኦፍ ዊኒንግ» ካለ እርግጠኛዋ ልጅቷ ናት። «ሺ ኢዝ ሹር ቱ ዊን» ካለ ግን እርግጠኛው ተናጋሪው ነው፤ እሷማ ተስፋ ቆርጣ ቤቷ ተኝታ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን «እንደምታሸንፍ እርግጠኛ ናት» በዪ፣ ሁለተኛውን «ማሸነፏ አይቀርም»። ከዚያ ትርጉም ቤት ወጥቼ ሌላ ቦታ ለቅጥር ስፈተን ይቺው መጣችልኝ። «አይቀርም» ብዬ ስጽፍ ፈታኟ ከጀርባዬ ቆማ ታይ ነበር። «እስካሁን ሁሉም ‹እርግጠኛ ናት› ነው ያለው» አለችኝ። ተቀጠርኩ።

3. «እርግጥ ነው» ለማለት «ኢት ኢዝ ሰርተን ዛት» ይባላል፣ በሹር ግን እንዲህ አይባልም። ለምን አትበዪኝ፣ ቋንቋው እንዲያ ነው። ደግሞ ፈረንጅ «አይ አም ሹር ሂል ኮል» ሲልሽ ብዙ ጊዜ እያጽናናሽ ነው እንጂ መረጃ የለውም። «ይደውላል ባክሽ፣ አታስቢ» ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ አራሚ ቃልሽን ከቀየረ አጠገቡ ይፈርምበት። አልፈርምም ካለ ፎቶ አንሺው። ያልገባሽ ካለ እዚሁ ስር ጻፊልኝ፤ ኢንቦክስ አላይም።