ፊልሙ ማንን ምን ይጠይቃል? ለአንድ የከተማ ፕላን ምሩቅ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ ጠያቂ፣

ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል የሚሆነውን ፊልምዎንም ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ጉዳይዎን ባጭሩ ላስቀምጠው። በከተማ ፕላን የመጀመሪያ ዲግሪዎን ከያዙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ቋሚ ሥራ ስላላገኙ ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግና ምርቃት እየቀረጹ ራስዎን ያስተዳድራሉ። በትርፍ ጊዜዎ ስለ ከተማዋ ብስክሌተኞች የሠሩትን ፊልም በቲክቶክ ብዙ ሰው አይቶልዎታል፤ ይሁንና ይዘውት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በሄዱ ጊዜ ኃላፊው «በጣም ያምራል፣ በርቱ» ብለው ሸኝተውዎታል። ስለዚህም ለእግረኛና ለብስክሌት የሚመቹ መንገዶች እንዲስፋፉ የሚያግዙ አጫጭር ፊልሞችን መሥራት እንጀራ ይወጣው እንደሆነ፣ ለዚህም ሲባል የፊልም ማስተርስ መማር ወይም ድሮን መግዛት ያስፈልግዎ እንደሆነ ጠይቀውኛል።

ከኃላፊው መልስ ልጀምር፤ ምክንያቱም ሙሉው ምክሬ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «ያምራል» ያሉት ከልባቸው ይመስለኛል፤ በእርግጥም ያምራል። የጣና ማለዳ፣ የዘንባባዎቹ ጥላ፣ ክራሩ፣ ሁለት እህትማማቾች በአንድ ብስክሌት ሲሄዱ የሚያሳየው ቀረጻ ሁሉ የሠለጠነ ዐይን ያለው ሰው ሥራ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ኃላፊውን ምንም አልጠየቃቸውም። የትኛው መንገድ ላይ፣ የትኛው መገናኛ አጠገብ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተነገረም። የመጣበትን ጉዳይ ለማይናገር እንግዳ ቡና ጋብዞ ከመሸኘት በቀር ምን ይደረጋል? በእኔ እምነት ይህን ዓይነት ፊልም ሙያ የሚያደርገው፣ በእጁ ላይ ውሳኔ ላለ አንድ የተወሰነ ሰው፣ ስለ አንድ የተወሰነ ቦታ፣ የሚታይና የሚቆጠር ማስረጃ ማቅረቡ ነው። ይህን ደግሞ ከሲኒማ ምሩቅ ይልቅ እንደ እርስዎ ያለ መንገድ መለካት የተማረ ሰው ይችለዋል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዊልያም ዋይት የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ከወጣት ረዳቶቹ ጋር ሆኖ በኒውዮርክ ትላልቅ ሕንፃዎች ፊት ለሕዝብ ክፍት በተተዉ ሜዳዎች ዙሪያ ካሜራ እየተከለ፣ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ የት ቆሞ እንደሚያወራ፣ የትኛውን ጥግ እንደሚሸሽ ይቀርጽና ይቆጥር ነበር። አንዳንዱ ሜዳ በሰው ሲሞላ ሌላው ባዶውን የሚውልበትን ምክንያት ሲፈልግ፣ ከቅርጽ ውበት በላይ ወሳኙ ነገር ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ መኖርና አለመኖር እንደሆነ አገኘ። ከተማዋ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ሜዳዎች የነበራትን ደንብ ስታሻሽል የእርሱን ግኝት መሠረት አድርጋለች። ከግኝቶቹ ሁሉ እኔን የሚያስቀኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ ሰዎች ሲያወሩ ከመተላለፊያው ወደ ዳር ወጣ ይላሉ ተብሎ ቢገመትም፣ ብዙዎቹ ሰው በሚተራመስበት መሐል ቆመው እንደሚያወሩ ፊልሙ አሳየ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ዋይትና ረዳቶቹ ግን ይህን አልጠበቁም ነበር።

ወደ እርስዎ ሐሳብ ይበልጥ የሚቀርበው ስትሪትፊልምስ የተባለው የኒውዮርክ ቡድን ሥራ ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. የጀመረ ልማድ አላት፤ በየእሑዱና በበዓላት ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለሯጭ ይከፈታል። ቡድኑ ይህን በ2007 እ.ኤ.አ. ባጭር ፊልም ቀርጾ አሳየ። በዓመቱ፣ በነሐሴ 2008 እ.ኤ.አ.፣ ኒውዮርክ ራሷ በሦስት ቅዳሜዎች ማለዳ ፓርክ አቬኑን ለእግረኛና ለብስክሌት ከፈተች። ይህን ያመጣው ፊልሙ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የከተማዋ ትራንስፖርት ኮሚሽነር የነበሩት ጃኔት ሳዲክ ካን ጉዳዩን የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ፊልሙ የረዳው «ይህ በእውነት የሚሠራ ነገር ነው ወይ?» ለሚል ተጠራጣሪ፣ እንደ ከተማው ያለ ሌላ ትልቅ ከተማ ሲሠራበት በማሳየት ነው። በግንቦት 2009 እ.ኤ.አ. ታይምስ ስኩዌር አጠገብ ብሮድዌይ ለሙከራ ለመኪና ሲዘጋም ካሜራና ቁጥር አብረው ሄዱ። አስፋልት ላይ በተደረደሩ ርካሽ ታጣፊ ወንበሮች የተቀመጠው ሕዝብ ምስል በየጋዜጣው ወጣ፤ በኋላ ደግሞ ከተማዋ ባሳተመችው ሪፖርት በአካባቢው የሚጎዱ እግረኞች ቁጥር በ35 ከመቶ፣ የሚጎዱ አሽከርካሪዎችና ተሳፋሪዎች ቁጥር በ63 ከመቶ መቀነሱ ተገለጸ። በ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሙከራው ቋሚ እንዲሆን ተወሰነ።

በእኛ አገርም ውሳኔ የሚጠብቀው ጉዳይ ብዙ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ዋና ዋና መንገዶች በወሩ መጨረሻ እሑድ ለመኪና ተዘግተው ልጆች ኳስ ሲጫወቱባቸው አይተናል። አዲስ አበባ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት (የእግርና የብስክሌት ጉዞ) ስትራቴጂ አላት፤ አገር አቀፉም ተከትሏል። ለገሀር አካባቢ በቀለምና በመሳሰሉ ቀላል ነገሮች ብቻ የእግረኛው ቦታ ሰፍቶ መሻገሪያው ሲያጥር የታየበት ሙከራ ተደርጓል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ወጥቷል። እርስዎ ባሉበት ከተማም በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል።

ክፍት ቦታው የት እንዳለ የምነግርዎት እዚህ ላይ ነው። የምረቃ ቀን ቀረጻ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ሪባኑ ሲቆረጥ የማይቀረጽ መንገድ የለም። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ተመልሶ የሄደ ካሜራ ግን እምብዛም አላየሁም። መስመሩ ላይ በእርግጥ ብስክሌት ይሄድበታል ወይስ መኪና ቆሞበታል? ዐይነ ስውሩ መንገደኛ በተነጠፈው መሪ ንጣፍ መጨረሻ ላይ ምን ይገጥመዋል? የፍሳሽ ክዳኑ አለ ወይስ ተወስዷል? ይህን በትዕግሥት የሚከታተል፣ ጥሩውን ጥሩ፣ የጎደለውን ጎደለ ብሎ በምስልና በቁጥር የሚያቀርብ ባለሙያ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱም፣ ለገንዘብ ሰጪውም፣ ለጥናት ድርጅቱም ይጠቅማል። የሚያሞግስ ብቻ ከሆነ ማስታወቂያ ነው፤ የሚነቅፍ ብቻ ከሆነም በሩን ይዘጉበታል።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ሲቀጥር በገምጋሚነት ተቀምጬ ነበር። የቀረቡት ናሙናዎች አብዛኞቹ ከሰማይ የተነሡ የከተማ ምስሎች ስለነበሩ ከአምስተኛው በኋላ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋብን። የተቀጠረችው ወጣት ያቀረበችው ግን በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ በስልክ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ፊልም ነበር፤ አንዲት ተማሪ ዜብራው ላይ ቆማ መኪኖቹ እስኪያሳልፏት ድረስ ሳይቆረጥ ይታያል፣ በጥግ በኩል ሰከንዱ ይቆጥራል። ማናችንም አልተናገርንም፤ መጠበቁ እኛንም ደከመን። ያ ድካም ነው ፊልሙ ሊያሳየን የፈለገው።

ስለዚህ በሚቀጥሉት ወራት እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ። ከቤትዎ በእግር የሚደረስ አንድ መሻገሪያ ወይም አንድ የብስክሌት መንገድ ይምረጡ። ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት በሥራ ቀን ጧትና ማታ፣ በገበያ ቀንም አንድ ጊዜ፣ ተቀምጠው ይቁጠሩ፤ ስንት እግረኛ፣ ስንት ብስክሌት፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት መኪና እንዳለፈ፣ አንድ ሰው ለመሻገር ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከዚያ በኋላ ሲቀርጹ ካሜራውን በሕፃን ቁመት ልክ ያውርዱት፤ ሸክም የያዘችውን እናት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን፣ ብስክሌቱ ላይ ጄሪካን የጫነውን ወጣት በሚሄዱበት ፍጥነት ይከተሉ። አደጋና ደም አያሳዩ፤ ሰው ፊቱን ያዞራል እንጂ ለውሳኔ አይነሣሣም። ደጋፊዎችን ብቻ ማነጋገርም ፊልሙን ያከስረዋል። «መኪና ካልቆመ ደንበኛ ይቀርብኛል» የሚለውን ባለሱቅና «የት ልቁም?» የሚለውን የባጃጅ አሽከርካሪ በአክብሮት ያነጋግሩ፤ የኃላፊው ጭንቀት የእነርሱ አቤቱታ ነውና፣ ለእርሱ መልስ የሌለው ፊልም ስብሰባ ላይ አይጠቅማቸውም። በመጨረሻም ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፦ ለስብሰባ የሚሆን ከአራት ደቂቃ ያልበለጠ፣ ለስልክ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ፤ ያለ ድምፅም ሐሳባቸው ለተመልካች እንዲገባ ሁለቱም የአማርኛ ጽሑፍ ይኑራቸው። ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ገጽታ ዛሬ ካልያዙት አስፋልቱ ከተቆፈረ በኋላ የሚያነጻጽሩበት አይኖርዎትም፤ ስለዚህ ከሌላው ሁሉ ይህን ያስቀድሙ።

ሕጉን ችላ አይበሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ቀጣዩ አንቀጽ በሕዝብ ፊት የተደረጉ ሁነቶችን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም፣ ፊቱ ለይቶ ከሚታወቅ ሰው የጽሑፍ ፈቃድ፣ ለልጆች ደግሞ የወላጅ ፈቃድ መያዝ ይሻላል። የመረጡትን ክራርም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መጠቀም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ያስጠይቃል። ድልድይና የመንግሥት ሕንፃ አጠገብ ደግሞ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳይዙ ካሜራ አያውጡ፤ ይህንን በተለይ አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ አጥብቄ እነግርዎታለሁ።

ድሮን አይግዙ። ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ግን እግረኛ ከላይ ሲታይ ነጥብ ነው። ያለዎት ካሜራ ይበቃል፤ ገንዘብ ካለዎት ጥሩ ማይክሮፎንና ጠንካራ ትራይፖድ ይግዙ። የፊልም ማስተርሱንም ለጊዜው ያቆዩት። መማር ካማረዎት በትራንስፖርት ወይም በከተማ ዲዛይን ቢገፉ፣ ፊልም የሚሠራ ፕላነር ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው።

ስለ እንጀራው በግልጽ ልንገርዎት። «የመንገድ ፊልም ሠሪ» የሚል ክፍት የሥራ ማስታወቂያ አያገኙም። ሥራው ያለው በሌላ ስም ነው፦ በትራንስፖርት ቢሮዎችና በትራፊክ ማኔጅመንት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣ በመንገድ ደኅንነት ፕሮጀክቶች የኮሙኒኬሽን ባለሙያነት፣ አዲስ አበባ ቢሮ ባላቸው እንደ ወርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት ባሉ የጥናት ድርጅቶች፣ በአማካሪ ድርጅቶች የሕዝብ ተሳትፎ ሥራ ውስጥ። ማስታወቂያ ሲያነቡ «ግንዛቤ ማስጨበጥ»፣ «የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ»፣ «ክትትልና ግምገማ» የሚሉትን ቃላት ይፈልጉ፤ በተለይ ሦስተኛውን ፊልም ሠሪዎች ስለሚዘሉት ተወዳዳሪዎ ያንሳል። በኮንትራት መሥራት ከፈለጉ ቲን ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ቀድመው ያውጡ፤ ውሉ ላይም ስንት ጊዜ እንደሚያርሙ፣ ጥሬ ቀረጻው የማን እንደሚሆን፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሚፈጸም ያስጽፉ። እስከዚያው ድረስ ሠርጉን አይተዉ። ቢያንስ ለዓመት ያህል የቤት ኪራይዎን የሚከፍለው እርሱ ነው፤ በማያባራ ግርግር መሐል ሰውን ሳያስደነግጡ መቅረጽም ያስተማረዎት እርሱ ይመስለኛል።

ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት አይቸኩሉ። ብስክሌት የኑሮ አካል በሆነበት ከተማ ውስጥ መኖርዎ እዚህ ያለ ባለሙያ የሌለው ሀብት ነው። ያንኑ ፊልምዎን ይዘው ወደዚያው ኃላፊ እንዲመለሱ እመክራለሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያውን የጣና ማለዳ በግማሽ ያሳጥሩት፣ የቆጠሩትን ቁጥር ያስገቡበት፣ በመጨረሻው ሠላሳ ሰከንድ ላይም የቦታውን ስም ጠርተው ምን እንዲሞከር እንደሚጠይቁ ይናገሩ፤ ለምሳሌ በአንድ መገናኛ ላይ ለአንድ ወር በቀለም ብቻ መሻገሪያውን ማሳጠር። አብሮ የሚገባውን የአንድ ገጽ ደብዳቤ ለማርቀቅ ከተቸገሩ ረቂቁን ይላኩልኝ፤ አይቼ እመልስልዎታለሁ።